የፍሬን ማመዛዘኛ ቫልቭና ከእሱ ጋር የሚገጥም የቱቦ ዳዶ እንዴት ይመረጣል?

«የኋላ እግር ቀድሞ ይቆለፍብኛል፣ የትኛውን ቫልቭ ልግዛ?» ይላል አንዱ። ሌላው ደግሞ «ከአሜሪካ በሰው ያስመጣሁት ቫልቭ ከቶዮታዬ ቱቦ ጋር አልገጥም አለ» ይላል። እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ተለይተው አያውቁም፤ የመጀመሪያውን የጠየቀ ሰው ቫልቩን በገዛ ማግስት ሁለተኛውን ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ ከምርጫው እስከ መጨረሻው ፍተሻ አንድ ላይ እንሂድበት። ምሳሌዎቹ በብዛት ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚቆጣጠር ኮምፒውተር) የሌላቸው፣ ኋላቸው ታምቡር የሆነ የቆዩ ቶዮታዎች ናቸው። አሠራሩ ለሌላ መኪናም ያው ነው፤ የሚለያየው ልኩ ነው።

ቫልቩ የሚሠራው ምንድን ነው?

ፍሬን ሲረገጥ ክብደቱ ወደ ፊት ይጫናል፣ ኋላው ይቀልላል። በቁጥር እንየው። 1100 ኪሎ የሚመዝን፣ ቆሞ ሳለ 660 ኪሎው ፊት፣ 440 ኪሎው ኋላ ያረፈ መኪና እናስብ። በፊትና በኋላ እግሩ መካከል ያለው ርቀት 2.5 ሜትር፣ የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 0.55 ሜትር ይሁን። በለስላሳው ስትረግጡ፣ ማለትም በ0.3 ጂ (ከመሬት ስበት 0.3 እጥፍ በሆነ ፍጥነት መቀነስ)፣ ወደ 73 ኪሎ ወደ ፊት ይሻገርና ኋላ 367 ኪሎ ይቀራል፤ ከጠቅላላው 33 በመቶ ማለት ነው። በድንጋጤ ስትረግጡ፣ በ0.8 ጂ፣ 194 ኪሎ ይሻገራል፤ ኋላ የሚቀረው 246 ኪሎ ወይም 22 በመቶ ብቻ ነው። የኋላው ፍሬን በለስላሳው ልክ የነበረ ግፊት በኃይለኛው ይበዛበታል፣ ጎማው ይቆለፋል። ፊተኛው ቀድሞ ቢቆለፍ መሪ አይታዘዝም እንጂ መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የኋላው ቀድሞ ከተቆለፈ ግን ጭራው ይዞራል።

ማመዛዘኛ ቫልቩ የኋላውን ግፊት እስከ አንድ ወሰን ድረስ እንዳለ ያሳልፋል፤ ከወሰኑ በላይ ግን ከሚጨመረው ግፊት ከፊሉን ብቻ ይለቃል። ለምሳሌ ዊልውድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሠራው ተስተካካይ ቫልቭ ወሰኑ ከ100 እስከ 1000 ፒኤስአይ፣ በባር ከ7 እስከ 69፣ ይስተካከላል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ጭማሪ እስከ 57 በመቶ ይቀንሳል። ወሰኑን 30 ባር ላይ አድርጋችሁ ማስተሩ (ፔዳሉ የሚገፋው ዋናው የፍሬን ሲሊንደር) 70 ባር ቢሰጥ፣ ከወሰኑ በላይ ያለው 40 ባር ነው፤ ከእሱ 43 በመቶው፣ ወደ 17 ባር፣ ያልፋል። ኋላ የሚደርሰው 47 ባር ይሆናል።

ከዚህ የሚከተለውን ልብ በሉ፦ ቫልቩ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። የኋላ ፍሬኑ ደካማ የሆነ መኪና በቫልቭ አይጠነክርም።

ከመግዛት በፊት፦ ቫልቭ ነው ወይ የጎደለው?

አንድ የኋላ እግር ብቻ የሚቆለፍ ከሆነ ችግሩ ከቫልቭ ጋር አይገናኝም። ታምቡሩን አውልቃችሁ እዩ። የዲፈረንሻል ዘይት ወይም የፍሬን ዘይት ሸራው ላይ ፈስሶ፣ ዊል ሲሊንደሩ ደርቆ፣ የእጅ ፍሬን ገመዱ ተይዞ፣ ወይም ሸራው በአንድ በኩል ብቻ ተቀይሮ ታገኙታላችሁ። ሁለቱም የኋላ እግሮች የሚቆለፉ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ፊተኛውን መርምሩ። የካሊፐር ፒስተን ከተያዘ ወይም ፊተኛው የጎማ ቱቦ ውስጡ አብጦ ዘይት ካላሳለፈ ፊቱ ሥራውን አይሠራም፤ ጥፋተኛ የሚመስለው ግን ኋላው ነው።

የጭነት መኪና ባለቤቶች ለብቻ መስማት ያለባቸው ነገር አለ። ሂሉክስና መሰሎቹ ከኋላ አክስሉ በላይ፣ ቻሲው ላይ፣ ከአክስሉ ጋር በዘንግ የተያያዘ ቫልቭ አላቸው። ሲጫን ቻሲው ዝቅ ይላል፣ ዘንጉ ይገፋል፣ ቫልቩም ለኋላው ተጨማሪ ግፊት ይለቃል። በእጅ የሚስተካከል ቫልቭ ይህን አያውቅም። ባዶውን ሳለ ካስተካከላችሁት፣ ስትጭኑ ኋላው ሊሠራ የሚችለውን አይሠራም፣ መቆሚያ ርቀቱ ይረዝማል። ተጭኖ ሳለ ካስተካከላችሁት፣ ባዶውን በመጀመሪያው ዝናብ ጭራው ይዞራል። መኪናው ጭነት የሚሠራ ከሆነ የፋብሪካውን ቫልቭ አትንቀሉ፤ ዘንጉ ዝጎ ተይዞ ከሆነ አላቁት፣ ቫልቩ ከሞተ በዓይነቱ ተኩት። ባሌስትራው ከፍ ተደርጎ ከሆነ ደግሞ ቫልቩ መኪናው ሁልጊዜ ባዶ ይመስለዋል፤ መፍትሔው አክስሉ ላይ ያለውን የዘንግ መያዣ መኪናው ከፍ ባለበት ልክ ማንሳት ነው።

ተስተካካይ ቫልቭ የሚገባው የኋላ ታምቡሩ በዲስክ ለተቀየረ፣ የፊት ካሊፐሩ ለተለወጠ፣ ሞተሩ ወይም አካሉ ተለውጦ ክብደቱ ለተዛባ፣ ወይም ለውድድር ለሚዘጋጅ መኪና ነው። ከታች ባሉት ሁለት ዓይነቶች ላይ ግን አይገጠምም፦

– ኤቢኤስ ያለው መኪና። በእነዚህ ላይ የኋላውን ግፊት ብዙውን ጊዜ ኮምፒውተሩ ራሱ ይመጥናል። በመሐል ሌላ ቫልቭ ሲገባ ኮምፒውተሩ የሚያዝዘውና ጎማው የሚያገኘው ይለያያል።

– መስመሩ በአግድም የተሻገረ መኪና። ፊት ጎማው የሚነዳ ኮሮላ፣ ቪትዝና የመሳሰሉት አብዛኞቹ አንዱ መስመር ቀኝ ፊትን ከግራ ኋላ፣ ሌላው ግራ ፊትን ከቀኝ ኋላ ያገናኛል። አንድ ቫልቭ አይበቃም፤ ሁለት የተለያዩ ቫልቮች ደግሞ እኩል ማስተካከል በተግባር አይቻልምና መኪናው ወደ ጎን ይስባል። ለእነዚህ ፋብሪካው የሠራው ድርብ ቫልቭ ይተካል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

– ተስተካካይ ማመዛዘኛ ቫልቭ፣ 1
– 4.75 ሚሊ ሜትር የፍሬን ቱቦ፣ ብረት ወይም የመዳብና ኒኬል ቅይጥ፣ ከለካችሁት ርዝመት ላይ ግማሽ ሜትር ትርፍ
– የቱቦ ዳዶ፣ ቢያንስ 4፣ ከዚያ ላይ 2 መጠባበቂያ
– ቬርኒየርና የጥርስ መለኪያ ቅጠል
– የቱቦ መቁረጫ፣ የቱቦ ማጠፊያ፣ የቱቦውን ጫፍ ከፍቶ የሚቀርጽ የአፍ ማስፊያ መሣሪያ ከነዳዩ (ከነቅርጽ ማውጫው)
– የ10 እና የ11 ቀለበት ቁልፍ፣ ቱቦው እንዲያልፍ ጎኑ የተከፈተው ዓይነት
– በማስተሩ ክዳን ላይ የተጻፈው ዓይነት የፍሬን ዘይት፣ 1 ሊትር ያልተከፈተ
– ግልጽ የላስቲክ ቱቦና ጠርሙስ፣ አየር ለማስወጣት
– ክሪክ፣ የብረት መደገፊያ፣ ታኮ
– ከተገኘ ሁለት የግፊት ጌጅ፣ እስከ 100 ባር ወይም ከዚያ በላይ የሚያነብ

የፍሪጅ የመዳብ ቱቦ ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የሌለው ተረስቶ አይደለም። ለመሥራት ይመቻል፣ ሲገጠምም ያምራል። ንጹሕ መዳብ ግን ንዝረት ሲበዛበት ይደርቅና አፉ ሥር ይሰነጠቃል። ፍሬን ሲረገጥ የሚመጣው ግፊት 70፣ አንዳንዴም 100 ባር ይደርሳል፤ የሚሰነጠቀውም ያኔ ነው።

አሠራር

1. መስመሩን ተከታትላችሁ ሳሉት

ከማስተሩ ተነስታችሁ እያንዳንዱን ቱቦ በእጃችሁ እስከ እግሩ ተከተሉ፣ በስልክ ፎቶ አንሱ፣ በወረቀት ላይ ሳሉ። የምትፈልጉት ለኋላው ብቻ የሚሄደውንና ገና ወደ ቀኝና ግራ ያልተከፈለውን ቱቦ ነው። ቫልቩ የሚገባው እዚያ ነው፤ ከመከፈያው በኋላ ከገባ አንዱን እግር ብቻ ይቀንሳል።

የፋብሪካው ቫልቭ የት እንዳለም አሁኑኑ አግኙ። ሁለት ቫልቭ በአንድ መስመር ላይ ተከታትሎ መቀመጥ የለበትም፤ አንዱ የቀነሰውን ሌላው ይቀንሰዋል፣ ኋላው ለስሙ ብቻ ይቀራል። በአንዳንድ የቆዩ ሂሉክሶች ላይ በጭነት የሚሠራው ቫልቭ ሦስተኛ ቱቦ አለው፣ ከፊተኛው መስመር የሚመጣ። ፊተኛው መስመር ቢበጠስ ለኋላው ሙሉ ግፊት እንዲለቀቅ የተደረገ ነው። ቫልቩን የምትነቅሉት ከሆነ ይህን ቱቦ ፊት ከሚገናኝበት ቲ ላይ ፈትታችሁ ቀዳዳውን በትክክለኛ መድፈኛ ዝጉት። ቱቦውን ቀጥቅጦ ማጠፍ መዝጋት አይባልም።

2. የቫልቩን ዓይነት ምረጡ

ተስተካካይ ቫልቭ በሁለት መልክ ይመጣል። አንዱ በሚዞር እጀታ ቀስ በቀስ ይስተካከላል፤ ሌላው በማንሻ በተወሰኑ ደረጃዎች ይዘላል። ለመንገድ መኪና ባለ እጀታውን ውሰዱ። ልኩን አንድ ጊዜ ካገኛችሁ በኋላ የምትነኩት አይደለም፣ በደቃቁ መስተካከሉ ደግሞ ይጠቅማችኋል። ማንሻው በውድድር መሐል ነዳጅ ሲቀልል ወይም ዝናብ ሲመጣ ለሚለውጥ ሰው ነው።

ስትገዙ ሦስት ነገር ተመልከቱ፦ መግቢያና መውጫው በአካሉ ላይ በፊደል ወይም በቀስት የተለየ መሆኑን፣ የሚስተካከልበት ግፊት የተጻፈ መሆኑን፣ የቀዳዳዎቹ ጥርስ ዓይነት የተገለጸ መሆኑን። ሦስተኛው ካልተጻፈ ሻጩ «ለሁሉም ይሆናል» ቢላችሁም አትግዙ።

ከዚህ ቫልቭ ጋር የሚምታታ ሌላም አለ፤ ትንሽ ግፊት በቱቦው ውስጥ ይዞ የሚያስቀር ቫልቭ፣ ለዲስክ 2 ፒኤስአይ፣ ለታምቡር 10 ፒኤስአይ የተጻፈበት። መልኩ ይመሳሰላል፣ ሥራው ግን ሌላ ነው። የሚስተካከል እጀታ የለውም፤ በእሱ ለዩት።

3. የመኪናችሁን ጥርስ ለኩ

አሮጌውን ዳዶ ፈትታችሁ ንጹሕ ጨርቅ ላይ አስቀምጡ። በቬርኒየር የጥርሱን ውጫዊ ስፋት ለኩ፣ በቅጠሉ ደግሞ በጥርሶቹ መካከል ያለውን ርቀት። የምታገኙት ከእነዚህ አንዱ ነው፦

– ኤም 10×1.0፦ ስፋቱ 9.8 እስከ 9.9፣ የጥርስ ርቀቱ 1.0 ሚሊ ሜትር። ቶዮታ፣ ኒሳን፣ አብዛኞቹ የጃፓንና የአውሮፓ መኪኖች።
– 3/8-24 ዩኤንኤፍ፦ ስፋቱ 9.4 እስከ 9.5፣ የጥርስ ርቀቱ 1.06 ሚሊ ሜትር። የቆዩ የአሜሪካና የእንግሊዝ መኪኖች፣ ብዙ የአሜሪካ ቫልቮችም።
– 1/8-27 ኤንፒቲ፦ ከጫፉ ወደ ሥሩ እየሰፋ የሚሄድ፣ 10.3 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ በኢንች 27 ጥርስ። ቱቦ ላይ ሳይሆን ቫልቭና ካሊፐር ላይ ይገኛል።
– 7/16-24 ዩኤንኤፍ፦ 11.1 ሚሊ ሜትር አካባቢ። ለወፍራሙ፣ ለ6.35 ሚሊ ሜትር ቱቦ።

ልዩነቱ በዓይን አይታይም፤ በእጅም ያታልላል። የ3/8 ወንዴ ዳዶ በኤም 10 ሴቴ ቀዳዳ ውስጥ ላላ ብሎ ይገባል፣ ሁለት ሦስት ዙር ይሄዳል፣ ከዚያ ይከብዳል። ሠራተኛው «ጠበቀ» ብሎ ያስባል። የጠበቀው ግን የጥርሱ ርቀት ስለተለያየ ነው፤ አፉ ገና መቀመጫው ላይ አልደረሰም። በኃይል ከተገፋ የቫልቩን ጥርስ ይልጣል፤ ብዙዎቹ ቫልቮች አልሙኒየም ናቸውና ቶሎ ይላጣሉ።

የጥርስ ቅጠል የሌለው ሰው ልኩ የታወቀ ኤም 10×1.0 ዳዶ ይዞ፣ የሁለቱን ዳዶዎች ጥርስ ጎን ለጎን አጣብቆ በብርሃን ፊት ይያዝ። አንድ ከሆኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተነካክሰው ብርሃን አያሳልፉም። የተለያዩ ከሆኑ በአንድ በኩል ተቀምጠው በሌላው በኩል ይነሳሉ።

4. መቀመጫውን በባትሪ እዩ

ጥርሱ ገጠመ ማለት ተስማማ ማለት አይደለም። ዘይቱን የሚይዘው ጥርሱ ሳይሆን፣ የቱቦው አፍ ከቀዳዳው ግርጌ ካለው መቀመጫ ጋር ሲጫን ነው። ዓይነቱ ሦስት ነው፦

– ድርብ አፍ፣ 45 ዲግሪ። ቱቦው ጫፉ ላይ ወደ ውስጥ ታጥፎ እንደ ጥሩምባ ይከፈታል። ቀዳዳው ውስጥ በባትሪ ሲታይ ከግርጌው መሐል ወደ እናንተ የቆመ ሾጣጣ አለ። ቶዮታና የጃፓን መኪኖች ይህን ይጠቀማሉ፤ የቆዩት የአሜሪካም እንዲሁ።
– በብል አፍ። የቱቦው ጫፍ ክብ ሆኖ ያብጣል። የቀዳዳው ግርጌ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ነው፣ የቆመ ሾጣጣ የለውም። የቮልስዋገን፣ የመርሴዲስና የሌሎች አውሮፓውያን ነው። የዳዶው ጫፍ ጠፍጣፋ ሆኖ ከፊቱ ትንሽ ጥርስ የሌለው ክፍል አለው።
– 37 ዲግሪ ነጠላ አፍ። በውድድር ዕቃዎች ላይ በብዛት ያለው። የትንሹ ቁጥር፣ የኤኤን 3፣ ጥርስ ያው 3/8-24 ነው። የ45 ዲግሪ አፍ ያለው ቱቦ እዚህ ላይ ያለችግር ይታሰራል፤ የሚነካው ግን በቀጭን መስመር ብቻ ስለሆነ ወይ ያንጠባጥባል ወይ ሲጠብቅ አፉ ይሰነጠቃል።

ቶዮታና ቮልስዋገን ሁለቱም ኤም 10×1.0 መሆናቸው ብዙ ሰው ያሳስታል። ሶማሌ ተራ ከአሮጌ ዕቃ ክምር ውስጥ የምታነሱት ዳዶ በጥርሱ ትክክል ሆኖ በጫፉ የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። አሮጌውን ዳዶ ይዛችሁ ሂዱ፤ ጫፍ ለጫፍ አስተያዩ።

5. ቫልቩንና ቱቦውን አስማሙ

ከሁሉ የሚሻለው ቫልቩን ከመጀመሪያው በመኪናችሁ ጥርስ መግዛት ነው፤ ለቶዮታ ኤም 10×1.0 ድርብ አፍ። ቫልቩ ቀድሞ ተገዝቶ 3/8-24 ድርብ አፍ ሆኖ ከመጣ ግን አትጣሉት፣ አዳፕተርም ፍለጋ አትዙሩ። 4.75 ሚሊ ሜትርና የአሜሪካኖቹ 3/16 ኢንች ቱቦ አንድ ናቸው። ስለዚህ አዲስ በምትሠሩት ቱቦ ላይ በአንዱ ጫፍ ኤም 10×1.0 ዳዶ፣ በሌላው ጫፍ 3/8-24 ዳዶ አስገቡ፤ ሁለቱንም አፍ በ45 ዲግሪ ድርብ ሥሩ። አዳፕተር አንድ በጨመራችሁ ቁጥር ሊያንጠባጥብ የሚችል አንድ ቦታ ትጨምራላችሁ፤ በዚህ መንገድ አንድም አይጨመርም።

አዳፕተር የማይቀረው ቫልቩ 1/8-27 ኤንፒቲ ሲሆን ነው። በአንድ በኩል ወንዴ ኤንፒቲ፣ በሌላው ሴቴ ኤም 10×1.0 ባለ ሾጣጣ መቀመጫ የሆነ የብረት አዳፕተር ያስፈልጋችኋል። ኤንፒቲ የሚይዘው በጥርሱ ራሱ ስለሆነ የፍሬን ዘይት የማያሟሟው ፈሳሽ ማሸጊያ ከሁለተኛው ጥርስ ጀምራችሁ በስሱ ቀቡት። ነጭ የውኃ ቧንቧ ፕላስቲክ አትጠቅልሉ፤ ቁራጩ ተቀድዶ ወደ ቫልቩ ይገባና መዝጊያውን ይይዘዋል። በእጅ ከጠበቀ በኋላ አንድ ዙር ተኩል ያህል ይበቃዋል። ባለ አፍ ቱቦ ላይ ግን ማሸጊያ የሚባል ነገር በፍጹም አይደረግም።

6. ቦታውን ምረጡ

ቫልቩ ከጭስ ማውጫው የራቀ፣ ከጎማ የሚረጭ ድንጋይ የማያገኘው፣ በሁለት ቡሎን ከአካሉ ጋር የታሰረ ይሁን። በቱቦው ብቻ ተንጠልጥሎ ከቀረ ንዝረቱ የቱቦውን አፍ ይበላዋል። ለመንገድ መኪና ከኮፈኑ ሥር አስቀምጡት። ሾፌሩ አጠገብ ከሆነ ልጅ ወይም ተሳፋሪ ያዞረዋል፣ እናንተም የምታውቁት ፍሬን ስትረግጡ ነው።

7. ቱቦውን ሥሩ

በካርቶን ወይም በሽቦ የመንገዱን ቅርጽ ቀድማችሁ አውጡ። ከዚያ በቱቦ መቁረጫ ቁረጡ፤ ሴጌቶ ፍርፋሪ ያስቀራል፣ ጫፉንም ያጋድላል፣ የተጋደለ ጫፍ ደግሞ አንድ ጎኑ የቀጠነ አፍ ያወጣል። የውስጡን ጠርዝ በቀስታ ፋቁ፣ የውጩን በደቃቅ ሞረድ ስበሩ።

አሁን ዳዶውን ቱቦው ላይ አስገቡ። በዚህ ሰዓት የረሳው ሰው አፉን ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ ቱቦውን እንደገና ይቆርጣል። አቅጣጫውንም እዩ፤ ጥርሱ ወደ ጫፉ ይዙር።

ቱቦውን በመያዣው ስታጠብቁ፣ ከመያዣው በላይ የሚወጣው ርዝመት የዳዩ እርከን ባለው ውፍረት ልክ ይሁን። ካነሰ አፉ ይጠባል፣ ከበዛ ይጣመማል። የፍሬን ዘይት ጠብ አድርጋችሁ በዳዩ ተጫኑ፣ ዳዩን አውጥታችሁ በሾጣጣው ጨርሱ። ከመጀመሪያው ጫና በኋላ የሚታየው ቅርጽ በብል ይመስላል፤ በብል ለሚፈልግ መኪና ግን በዚህ ማቆም አይሆንም፣ የራሱ ዳይ አለው።

አፉን በብርሃን አዙራችሁ ተመልከቱ። ዙሪያው እኩል፣ መሐሉን የጠበቀ፣ ያልተሰነጠቀና ያልተቧጨረ መሆን አለበት። የጥፍር ያህል ጭረት ካያችሁ ቁረጡና እንደገና ሥሩ። የሁለት ሳንቲም ሜትር ቱቦ ነው የሚባክነው፤ ትርፍ ግማሽ ሜትር ግዙ የተባለውም ለዚሁ ነው።

ስታጥፉ ከ15 ሚሊ ሜትር ያነሰ ራዲየስ አትጠቀሙ፣ በማጠፊያም እጠፉ። በየ30 ሳንቲም ሜትሩ በክሊፕ እሰሩት። ሲያልቅ በአየር ንፉበት፤ ከመቁረጡ የቀረ ፍርፋሪ ቫልቩን ለማበላሸት ይበቃል።

8. ግጠሙ

ከማስተሩ የሚመጣው ወደ መግቢያው፣ ወደ ኋላ የሚሄደው ወደ መውጫው ይሁን። ዳዶውን መጀመሪያ በጣታችሁ ብቻ አዙሩ፣ ቢያንስ አራት ዙር። በጣት ካልሄደ ቁልፍ አታንሱ፤ ወይ ቱቦው አቅጣጫውን ስቷል፣ ወይ ጥርሱ አይደለም። ቱቦውን በእጃችሁ እየያዛችሁ አቅኑት። ሁሉም ጫፎች በጣት ከገቡ በኋላ በቁልፍ አጥብቁ። ለቶዮታ የ4.75 ቱቦ ዳዶ ልኩ 15 ኒውተን ሜትር ነው፣ በአጭር ቁልፍ በአንድ እጅ የሚደረስ። ካንጠባጠበ አንድ ጊዜ ፈትታችሁ እንደገና አጥብቁ፤ ከዚያም ካልቆመ አፉን እንደገና ሥሩ። እያጠበቁ መሄድ መቀመጫውን ያጠፋዋል፣ የጠፋ መቀመጫ ደግሞ ቫልቩን ይዞት ይሄዳል።

9. አየር አስወጡ

የቫልቩን እጀታ ለኋላው ሙሉ ግፊት ወደሚሰጥበት ጫፍ አዙሩ። ከማስተሩ ከሚርቀው ጀምሩ፦ ቀኝ ኋላ፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት። በጭነት የሚሠራው ቫልቭ በቦታው ካለና የራሱ ማውጫ ቡሎን ካለው እሱን መጨረሻ ላይ አድርጉ። የማስተሩ ዘይት እንዳያልቅ እያያችሁ ጨምሩ፤ ካለቀ ከአንድ እንደገና ትጀምራላችሁ። የወጣውን ዘይት መልሳችሁ አትጠቀሙ፤ የሞተር ወይም የመሪ ዘይት ጠብታ እንኳ እንዳይነካው፣ በፍሬኑ ውስጥ ያሉትን የማሸጊያ ጎማዎች በሙሉ ያሳብጣል።

10. ሳትነዱ ፈትሹ

መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ በደረቅ ሶፍት ጥረጉ። ሞተሩ እየሠራ አንድ ሰው ፔዳሉን በሙሉ ኃይሉ ለአንድ ደቂቃ ይርገጥ። ፔዳሉ ቀስ እያለ ከወረደ ወይ የሚያንጠባጥብ አለ፣ ወይ ማስተሩ ውስጥ ውስጡን ያሳልፋል። እያንዳንዱን ዳዶ በአዲስ ሶፍት ነክታችሁ እዩ፤ እርጥበት ካለ አይነዳም።

11. ልኩን አግኙ

ይህ ክፍል ሰውና መኪና የሌለበት፣ ደረቅ፣ ጠፍጣፋ አስፋልት ይፈልጋል። ሕዝብ በሚሄድበት መንገድ አይሞከርም። መኪናው ባዶ፣ የጎማ አየሩ በልኩ፣ አዲስ ሸራ ከሆነም ከታምቡሩ ጋር የተላመደ ይሁን። እርጥብ መንገድ ላይ የተገኘ ልክ ያሳስታል። ሲያንሸራትት ወደ ፊት የሚሻገረው ክብደት ትንሽ ስለሆነ ኋላው ብዙ ግፊት የሚችል ይመስላል፤ በዚያ ልክ ደረቅ ላይ ስትረግጡ ኋላው ቀድሞ ይቆለፋል።

እጀታውን ለኋላው ትንሹን ግፊት ወደሚሰጥበት ጫፍ መልሱ። አቅጣጫው በቫልቩ ላይ ተጽፏል፤ በብዙዎቹ ወደ ቀኝ ማዞር የኋላውን ይጨምራል። አንድ ሰው ከጎን በደህና ርቀት ቆሞ ጎማዎቹን ይይ። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ አጥብቃችሁ ርገጡ። ፊተኛው ሲቆለፍ ኋላው እየተሽከረከረ ከሆነ አንድ ዙር ጨምሩና ድገሙት። የኋላው ከፊተኛው እኩል ወይም ቀድሞ የሚቆለፍበት ላይ ስትደርሱ ሁለት ዙር መልሱ። ከዚያ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር አረጋግጡ፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ኋላው ቀድሞ ከያዘ አሁንም ቀንሱ። ሁልጊዜ ፊቱ ቀድሞ ይቆለፍ። በየሙከራው መካከል ፍሬኑን አቀዝቅዙ፤ የጋለ ሸራ የሚሰጠው ውጤት አይታመንም።

ጌጅ ያለው ሰው አንዱን በፊተኛው፣ ሌላውን በኋላው ማውጫ ቀዳዳ ላይ ይግጠም፤ የቀዳዳውም ጥርስ ይለካ። ፊቱ 20፣ 40፣ 60፣ 70 ባር ሲያነብ ኋላው ስንት እንደሚያነብ ይጻፍ። እስከ ወሰኑ ሁለቱ እኩል ሄደው ከዚያ መለያየት አለባቸው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ኋላው ያነሰ ከሆነ ሌላ ቫልቭ አሁንም መስመሩ ላይ አለ ማለት ነው። ጭራሽ የማይለያዩ ከሆነ መግቢያና መውጫው ተገለባብጦ ሊሆን ይችላል።

ልኩ ሲገኝ ማጥበቂያ ዳዶውን እሰሩ፣ እጀታውና አካሉ ላይ በቀለም አንድ መስመር አስምሩ። ቢዞር ወዲያው ይታያችኋል።

ደጋግመው የሚያጋጥሙ ስህተቶች

– ቫልቩን በፊተኛው መስመር ላይ ማስገባት። ዋናውን ፍሬን ይቀንሳል፤ ከጉዳቱ በቀር ጥቅም የለውም።
– የተበጠሰን ቱቦ በቀለበት በሚጨመቅ የውኃ ወይም የነዳጅ ፊቲንግ መቀጠል፣ ወይም በብየዳ መዝጋት። በፍሬን ግፊት ይላቀቃል።
– በተራ አፈ ክፍት ቁልፍ መፍታት። ዳዶው ለስላሳ ስለሆነ ማዕዘኑ ይላጥና በግሪፕ የሚፈታ ይሆናል፤ ከዚያ ቱቦው አብሮ ይጠመዘዛል።
– የጎማ ልክ ሲቀየር ቫልቩን እንዳለ መተው። የኋላው ጎማ ብቻ ሰፋ ወይም ከፍ ካለ፣ ሸራው በሌላ ዓይነት ከተተካ፣ ደረጃ 11ን እንደገና ሥሩ።

ሥራው ካለቀ በኋላ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነድታችሁ እያንዳንዱን ዳዶ በሶፍት ፈትሹ፣ የማስተሩንም ዘይት ልክ እዩ። ወደ አባይ በረሃ ወይም ወደ ጣርማ በር የምትወርዱ ከሆነ ይህ ፍተሻ ከመውረዱ በፊት ያልቅ፤ በረጅም ቁልቁለት ላይ ዘይቱም ሸራውም ይግላል፣ ደካማ መገጣጠሚያ ካለም የሚገለጠው ያኔ ነው።